ለውሻዎ የዘር ፈሳሽ የፕሮቲን ምርመራ ከመክፈልዎ በፊት

ጥያቄው፦ «የ6 ዓመት ወንድ ጀርመን ሼፐርድ አለኝ። ከዚህ በፊት ከሁለት ሴቶች በድምሩ 13 ቡችላ ተወልዶለታል። ባለፈው ዓመት ግን ከሦስት ሴቶች ጋር አገናኝቼው አንዷም አላረገዘችም። የሴቶቹ ባለቤቶች ደም ካዩበት ዕለት ቆጥረን ሁልጊዜ በ10ኛውና በ12ኛው ቀን ነው የምናገናኛቸው። አንድ ሐኪም የዘር ፈሳሹን ወስዶ በማይክሮስኮፕ ካየ በኋላ ‹ስፐርም የለውም› አለኝ። በኢንተርኔት እንዳነበብኩት በዘር ፈሳሽ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖችን በመለካት ውሻው መካን መሆን አለመሆኑን ማወቅ ይቻላል። ናሙናውን ውጭ አገር ላሉ ዘመዶቼ ልልክ ነው። የትኛው ፕሮቲን ይለካልኝ? ውጤቱ እስኪመጣስ አንድ ወዳጄ እንደመከረኝ ቴስቶስትሮን ላስወጋው?»

ናሙናውን አይላኩ። መርፌውንም አያስወጉት። የሁለቱንም ምክንያት አስረዳለሁ። በጥያቄዎ ውስጥ እንደ ዋዛ ያለፉት የቀን ቆጠራም ከፕሮቲኑ የበለጠ ሳያስከፍልዎ አልቀረም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ያነበቡት ነገር ሐሰት አይደለም፤ የእርስዎን ጥያቄ ግን አይመልስም። ተመራማሪዎች በውሻ የዘር ፈሳሽ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖችን መለየትና መመዝገብ ከጀመሩ ቆይተዋል። አሠራሩ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጥቂት ውሾች ይሰበሰቡና ዘራቸው በማይክሮስኮፕ ታይቶ «ጥሩ» እና «ደካማ» ተብለው ይከፈላሉ። ከዚያ ፈሳሹ ፕሮቲኖችን አንድ በአንድ በሚለዩ የላቦራቶሪ ዘዴዎች፣ በኤሌክትሮፎረሲስ ወይም በማስ ስፔክትሮሜትር፣ ይመረመርና በአንደኛው ወገን በዝቶ በሌላው ያነሰ ፕሮቲን ሲገኝ «ጠቋሚ» የሚል ስም ይሰጠዋል። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ውሾቹ መጀመሪያ የተከፈሉት በማይክሮስኮፕ ነው። ፕሮቲኑ የነገረን ማይክሮስኮፑ አስቀድሞ የነገረንን ነው፤ ዞሮ ዞሮ ከቤት። ስፐርሙ ይዋኛል ወይስ አይዋኝም የሚለውን ለማወቅ በብዙ ገንዘብ የሚለካ ፕሮቲን አያስፈልግም፤ ሞቅ ያለ የመስታወት ስላይድና የሠለጠነ ዓይን ይበቃል።

ጠቃሚ የሚሆነው ሌላ ዓይነት ጠቋሚ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ምንም የማይጎድለው ሆኖ ሳለ የማያስረግዝን ውሻ የሚለይልን። እንዲህ ያለ፣ ለውሻ የተፈተነና ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራበት ፕሮቲን ዛሬ የለም። ምክንያቱ የተመራማሪዎች ስንፍና አይደለም። በኮርማ በኩል ሥራው ርቆ ሄዷል፤ በሆልስታይን ኮርማዎች የዘር ፈሳሽ ውስጥ ኦስቲዮፖንቲን የተባለው ፕሮቲን ከማስረገዝ አቅም ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ይህ የሆነው አንድ ኮርማ በሰው ሠራሽ ዘዴ በሺህ የሚቆጠሩ ላሞችን ስለሚያዳቅልና ስንቶቹ እንደያዙ በመዝገብ ስለሚሰፍር ነው። ወንድ ውሻ በዕድሜው ስንት ሴት ያገኛል? አምስት? አሥር? ከእነዚህ መካከል ሦስቱ ባያረግዙ ጥፋቱ የእሱ ይሁን የሴቶቹ ወይም የቀኑ በምን ይለያል? በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ «ይህ ፕሮቲን ከዚህ በታች ከሆነ ውሻው መካን ነው» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት።

ሌላም እንቅፋት አለ፤ እሱ ደግሞ የውሻው የራሱ አፈጣጠር ነው። ኮርማና ሰው የዘር ፈሳሻቸውን የሚያመነጩት ከበርካታ ዕጢዎች ነው። ውሻ ግን ሴሚናል ቬሲክል የተባሉት ከረጢቶች የሉትም፤ ፈሳሹ በአብዛኛው ከአንድ ዕጢ፣ ከፕሮስቴት ይመጣል። በፈሳሹ ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች ሁሉ የሚበዛውም የፕሮስቴት ምርት የሆነው አርጂኒን ኢስቴሬዝ ነው። ስለዚህ «የውሻዬን የዘር ፈሳሽ ፕሮቲን ለኩልኝ» ሲሉ ላቦራቶሪው በአብዛኛው የሚለካልዎ ፕሮስቴቱን ነው። ስፐርም ደግሞ የሚመረተው በቆለጥ ውስጥ፣ የሚበስለውና የሚከማቸው ኤፒዲዲሚስ በተባለው፣ ከቆለጡ ጋር በተጣበቀው የተጠቀለለ ቱቦ ውስጥ ነው። ፈሳሹና ስፐርሙ የአንድ መንገድ ተሳፋሪዎች እንጂ የአንድ ቤት ልጆች አይደሉም። ጣሊያናዊው ላዛሮ ስፓላንዛኒ ይህን በ18ኛው መቶ ዘመን ለመረዳት አንድ እርምጃ ቀርቶት ነበር። የእንቁራሪት የዘር ፈሳሽ በወረቀት ሲያጠልል፣ ያለፈው ፈሳሽ ዕንቁላል ማዳበር ተሳነው፤ ወረቀቱ ላይ የቀረው ዝቃጭ ግን አዳበረ። የሚገርመው ስፐርሞቹን እንደ ጥገኛ ተሕዋስያን ይቆጥራቸው ስለነበር ማስረጃውን በእጁ ይዞ ትርጉሙ አመለጠው። እ.ኤ.አ. በ1780 ሴት ውሻን በሰው ሠራሽ መንገድ አዳቅሎ ከ62 ቀን በኋላ ሦስት ቡችላ ያስወለደውም እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ያልኩት ፕሮቲን ሁሉ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። ጠባብ ጥያቄ ይዘው ከመጡ በትክክል የሚመልሱልዎ ሁለት አሉ። አንደኛው ለእርስዎ ሁኔታ ልክ ነው፤ ዋጋውም ከሚያስቡት እጅግ ያነሰ ነው።

አልካላይን ፎስፋቴዝ ይባላል። ኢንዛይም ነው፤ የጉበት ምርመራ ያደረገ ሰው ሁሉ ወረቀቱ ላይ አይቶት ይሆናል። በውሻ የዘር ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው ግን በአብዛኛው ከኤፒዲዲሚስ የሚመጣ ነው። ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ «ስፐርም የለውም» ሲል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቆለጡ ማምረት አቁሟል፣ ወይም ያመርታል ነገር ግን በሁለቱም ወገን መንገዱ ተዘግቷል፣ ወይም ደግሞ ውሻው በዚያ ዕለት ፈርቶ ሙሉ ዘሩን አልሰጠም። በማይክሮስኮፕ ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ባዶ። በፈሳሹ ውስጥ ያለው አልካላይን ፎስፋቴዝ በሊትር ከ5,000 ዩኒት በላይ ከሆነ የኤፒዲዲሚስ ፈሳሽ ወጥቷል ማለት ነው፤ መንገዱ ክፍት ነው፣ ጉድለቱ ያለው ከቆለጡ ነው። ከዚያ በእጅጉ ካነሰ ወይ መንገዱ ተዘግቷል ወይ ናሙናው አልተሟላም፤ ስለዚህ ማንንም መካን ሳይሉ እንደገና መውሰድ ነው። ኢንዛይሙ የሚለካው በሥራው፣ ማለትም በሚያፋጥነው ኬሚካላዊ ለውጥ ስለሆነ የማንኛውም ላቦራቶሪ ማሽን ይለካዋል፤ የሰው ይሁን የውሻ አይጨነቅም። ሁለት ነገር ግን ለላቦራቶሪው አስቀድመው ይንገሩ። ፈሳሹ ወዲያው በሴንትሪፊውጅ ተሽከርክሮ ከህዋሳቱ የተለየው ላይኛው ክፍል ብቻ ይለካ፤ ማሽኑ የተዘጋጀው ለደም በመሆኑና ይህ መጠን ከአቅሙ በላይ ስለሚሆን አስቀድሞ ይቅጠን፣ ውጤቱም በቀጠነበት ልክ ይባዛ። ይህ ካልተነገራቸው «ማሽኑ አላነበበውም» ብለው ይመልሱልዎታል።

ሁለተኛው ከላይ የጠቀስኩት አርጂኒን ኢስቴሬዝ ነው፤ የሚለካው ግን ከደም ነው። ከ60 ናኖግራም በሚሊ ሊትር አካባቢ ሲያልፍ ፕሮስቴቱ ማበጡን ያመለክታል። ውሻዎ 6 ዓመቱ ነው፤ ባልተኮላሹ ወንዶች በዚህ ዕድሜ የፕሮስቴት ማበጥ የተለመደ ነው። በዘር ፈሳሹ ውስጥ ደም ከታየ፣ ሲጸዳዳ የሚያምጥ ከሆነ ወይም ሰገራው ጠፍጠፍ ብሎ ከወጣ ምርመራው ትርጉም አለው። ነገር ግን ከፍ ያለ ቁጥር «መካን» ማለት አይደለም። ፕሮስቴታቸው ያበጠ ብዙ ውሾች ይወልዳሉ። መታከም ካለበትም ለዘር የሚፈለግን ውሻ ሳያኮላሹ፣ ስፐርሙን ሳይጎዱ ፊናስተራይድ በተባለ መድኃኒት ማሳነስ ይቻላል፤ መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይወስን፤ እርጉዝ ሴት የተሰበረ ወይም የተፈጨ ክኒኑን በእጇ እንዳትነካ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ላንሣ። «የሰው የፕሮስቴት ምርመራ በየላቦራቶሪው አለ፤ የውሻዬን ደም ለዚያ ልስጥ?» የሚሉኝ አሉ። አይሆንም። የሰውና የውሻ የፕሮስቴት ፕሮቲኖች የአንድ ቤተሰብ ቢሆኑም አንድ አይደሉም፤ የሰውን ፕሮቲን ለይቶ እንዲይዝ የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል የውሻውን አያውቀውም። የሚወጣው ቁጥር ዜሮም ይሁን ሌላ ትርጉም የለውም። በአንጻሩ ዕንቁላል የሚለቀቅበትን ቀን ለማወቅ የሚለካው የሴቷ ሆርሞን፣ ፕሮጄስትሮን፣ ፕሮቲን አይደለም፤ ስቴሮይድ ነው፤ ሞለኪዩሉ በሴት ልጅም በሴት ውሻም አንድ ነው። ስለዚህ የውሻን ፕሮጄስትሮን የሰው ላቦራቶሪ ሊለካው ይችላል። ይህ ልዩነት አሁን ወደምገባበት ጉዳይ ይወስደናል።

10ኛውና 12ኛው ቀን ከየት መጣ? በየአገሩ የውሻ አርቢ ከአባቱ የወረሰው ቁጥር ነው። ለብዙ ሴቶች ይሠራል፤ ለዚያም ነው ሁለት ጊዜ ቡችላ ያገኙት። ሆኖም ደም ከታየ ገና ሳምንት ሳይሞላት ዕንቁላል የምትለቅ አለች፤ ከ20 ቀን በኋላ የምትለቅም አለች። በዚያ ላይ ውሻ ከላምና ከሴት ልጅ የምትለይበት ነገር አለ፤ የምትለቀው ዕንቁላል ያልበሰለ ነው። ለመዳበር እስኪደርስ ሁለት ቀን ያህል ተጨማሪ ይፈልጋል። በ10ኛው ቀን ወንድ መቀበሏ፣ ተቆላልፈው ግማሽ ሰዓት መቆየታቸው፣ ዕንቁላሏ ደርሷል ማለት አይደለም። ጤናማ ትኩስ ስፐርም በማህፀኗ ውስጥ አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ስለሚቆይ ትንሽ መቅደም ይቅር ይባላል፤ በሳምንት መሳሳት ግን አይካስም።

የሚታመነው መንገድ ደም ከታየ ከ5ኛው ወይም 6ኛው ቀን ጀምሮ በየሁለት ቀኑ ፕሮጄስትሮን መለካት ነው። 2 ናኖግራም በሚሊ ሊትር አካባቢ ሲደርስ ዕንቁላል የሚያስለቅቀው ሆርሞን ተነሥቷል ማለት ነው፤ 5 አካባቢ ሲገባ ዕንቁላሉ ይለቀቃል፤ ከዚያ በ2ኛውና በ4ኛው ቀን ያገናኟቸው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንድ ላቦራቶሪ ናኖግራም ሳይሆን ናኖሞል ይጽፋል፤ 1 ናኖግራም በሚሊ ሊትር 3.18 ናኖሞል በሊትር ነው። «16» የሚል ወረቀት አይተው ቀኑ አለፈ ብለው እጅዎን አጣጥፈው እንዳይቀመጡ፤ በናኖሞል ከተጻፈ ገና 5 ናኖግራም ነው። ተከታታይ ምርመራውንም በአንድ ላቦራቶሪ ብቻ ያስደርጉ።

ሦስቱ ሴቶች «አላረገዙም» የተባለው በምንስ ታውቆ ነው? ከተገናኙ ከ28 እስከ 30 ቀን አካባቢ በአልትራሳውንድ ታይተው ከሆነ መልካም። ሁለት ወር ተጠብቆ ቡችላ ስላልመጣ ከሆነ ግን አርግዘው ጽንሱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ታሪክ ነው። ያኔ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብሩሴላ ካኒስ ነው። ይህ ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ በቢግል ውሾች ላይ የተለየ ሲሆን ሴቷን ያስወርዳታል፣ በወንዱ ላይ ኤፒዲዲሚሱን ያቆስላል፣ ስፐርሙን ያበላሻል፣ በመጨረሻም ባዶ ያደርገዋል። ክትባት የለውም፤ በአንቲባዮቲክም ከሰውነት ጠርጎ ማውጣት አስቸጋሪ ነው። ወደ ሰውም ይተላለፋል። ባለሙያ ሳይቀር የሚሳሳትበት ነጥብ ደግሞ አለ፤ ለከብትና ለፍየል የሚደረገው የተለመደው የብሩሴላ ምርመራ፣ ሮዝ ቤንጋል የሚባለው፣ ብሩሴላ ካኒስን አያገኝም። የዚህ ባክቴሪያ ሽፋን የከብቱ ባክቴሪያ ያለው የስኳር ሰንሰለት ስለሌለው ምርመራው በፊቱ ቆሞ አያየውም። «ብሩሴላ ተመርምሮ ነጻ ነው» የሚል ወረቀት ካለዎት በየትኛው ምርመራ እንደሆነ ይጠይቁ። ለካኒስ የተለየ የደም ምርመራ ወይም የባክቴሪያውን ዲኤንኤ የሚፈልገው ፒሲአር ያስፈልጋል። ናሙና ከአገር መላክ ካለበት እንግዲህ ለዚህ ይላክ። ውጤቱ እስኪታወቅም ውሻውን ከማንም ጋር አያገናኙት፤ የዘር ፈሳሹን የሚነካ ሰው ጓንት ያድርግ።

ወደ ባዶው ናሙና ልመለስ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ናሙና፣ ውሻን መካን ማለት አይቻልም። የውሻ ዘር በሦስት ክፍል ይወጣል፤ መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ ወተት የሚመስለውና ስፐርሙን የያዘው፣ በመጨረሻ ብዛት ያለው የፕሮስቴት ውኃ። ሐኪሙ ያየው ሦስተኛውን ብቻ ከሆነ ባዶ መሆኑ አያስደንቅም። ውሻው በማያውቀው ክፍል፣ በሚያንሸራትት ሴራሚክ ላይ፣ የመድኃኒት ሽታ እየሸተተው ቆሞ ሙሉ ዘሩን ይሰጣል ብሎ መጠበቅም ከባድ ነው። ምንጣፍ ይነጠፍለት፤ ቢቻል በድራት ላይ ያለች ሴት አጠገቡ ትሁን፤ ካልተቻለ ሽታዋ ያለበት ጨርቅ ይቅረብለት። ዕቃው ደረቅና ሞቅ ያለ ይሁን፤ ውኃ፣ ሽንትና ማለስለሻ ቅባት ስፐርም ይገድላሉ። ከዚያም ወዲያው ሽንቱ ይታይ፤ አንዳንድ ጊዜ ዘሩ ወደ ኋላ ወደ ፊኛ ይገባል። ጤናማ ውሻ በአንድ ጊዜ በጠቅላላው ቢያንስ 300 ሚሊዮን ስፐርም፣ ከመቶ 70 ያህሉ ወደ ፊት የሚዋኝ፣ ቅርጹም በአብዛኛው ያልተበላሸ ይሰጣል።

ሁለተኛው ናሙናም ባዶ ከሆነና አልካላይን ፎስፋቴዙ ከፍ ካለ፣ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። የውሻ ቆለጥ አንድ ስፐርም አምርቶ ለመጨረስ 62 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ በኤፒዲዲሚስ ውስጥ ለማለፍ ደግሞ ሁለት ሳምንት ገደማ። ዛሬ የሚያዩት ናሙና ከሁለት ወር ተኩል በፊት የነበረውን ጤና ነው የሚነግርዎት። ያኔ መዥገር ያመጣው ትኩሳት ነበረው? ስቴሮይድ ተወግቶ ነበር? ለፈንገስ ኬቶኮናዞል ወስዷል? መልሱ አዎ ከሆነ መድኃኒቱ ጊዜ ነው፤ ከ75 ቀን በኋላ እንደገና ይታይ። ከዚህ ቀደም ስለወለደ አብሮት የተወለደ ጉድለት አይመስለኝም፤ በእርግጥ አጥሩ ዝቅ ያለ ግቢ ከሆነ 13ቱ ቡችሎች የእሱ ስለመሆናቸው መማል አልችልም። ሁለቱም ቆለጦች በእጅ ይዳሰሱ፣ በአልትራሳውንድም ይታዩ፤ አንዱ ጠንክሮ ወይም ተልቆ ሌላው ከሟሸሸ ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ ያ ከዘር ጉዳይ በፊት የሕይወት ጉዳይ ነው።

ቴስቶስትሮኑስ? ወዳጅዎ በቅንነት ነው የመከሩት፤ ነገር ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። ቆለጥ ስፐርም የሚያመርተው በደም ውስጥ ካለው እጅግ በሚበልጥ በራሱ በውስጡ በሚሠራው ቴስቶስትሮን ነው። ከውጭ ሲወጉት አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ቆለጡን የሚያዝዘውን ሆርሞን ያቋርጣል፤ በቆለጡ ውስጥ ያለው ይወድቃል፣ ምርቱም ይቆማል። ፍላጎቱ ይጨምር ይሆናል፤ ሴት እያሳደደ ባዶ ይሰጣል። ፕሮስቴቱም የሚያብጠው በዚሁ ሆርሞን ነው። አስቀድሞ አንድ መርፌ ተወግቶ ከሆነ አይሸሽጉ፤ የተወጋበትን ቀን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የናሙናው ትርጉም ከዚያ ቀን ጋር ይቀየራል።

እንግዲህ በቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ለካኒስ የተለየው የብሩሴላ ምርመራ። ነጻ ከሆነ ሁለተኛ ናሙና በተረጋጋ ቦታ፣ ሦስቱ ክፍሎች ተለያይተው፤ በዚያው ዕለት አልካላይን ፎስፋቴዝና ሽንት። ስፐርም ከተገኘና ደህና ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቀን ቆጠራው ነው፤ ቀጣይዋን ሴት በፕሮጄስትሮን ይከታተሉ፤ ወጪውንም ከባለቤቷ ጋር ቀድመው ይነጋገሩበት። ካልተገኘ የቆለጡ ምርመራና የ75 ቀን ትዕግሥት። ለሐኪምዎ ሲሄዱ አንድ ወረቀት ይዘው ይሂዱ፦ ያለፈው ዓመት ሕመሞቹ፣ የወሰዳቸው መድኃኒቶች፣ ሦስቱ ሴቶች ደም የታየባቸውና የተገናኙባቸው ቀናት፣ ቀድሞ ከሌላ ወንድ ወልደው እንደሆነም ጭምር።